በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ላለ ዕጢ ቀዶ ሕክምና፦ እየተራመዱ መወሰን ይሻላል ወይስ መጠበቅ?

ጥያቄ፦ ከታማሚዋ ወንድም

እኅቴ በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የምትገኝ የልጆች እናት ናት። የጣቶቿ መደንዘዝና ሌሊት የሚብስ የአንገት ሕመም ለወራት ካስቸገሯት በኋላ በኤም.አር.አይ ምርመራ በሕብለ ሰረሰሯ ውስጥ፣ አንገቷ አካባቢ፣ ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሞቹ ከምስሉ ተነሥተው ኤፔንዲሞማ የሚባለው ዓይነት ሳይሆን እንደማይቀር ነግረውናል፤ የሚረጋገጠው ግን ናሙናው በፓቶሎጂ ሲመረመር ነው። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ብዙ ሳይቆይ እንዲወጣ ይመክራሉ።

ቤተሰባችን የተከፋፈለው በዚህ ላይ ነው። እኅቴ ዛሬም በእግሯ ትሄዳለች፤ ሥራዋንም አላቋረጠችም። አባታችን «በእግሯ የምትሄድ ልጅ ወስጄ ሰረሰሯን አላስነካም፤ የባሰባት ዕለት እናስብበታለን» ይላሉ። እኔ ደግሞ የባሰባት ዕለት ጊዜው አልፎ እንዳይሆን እሰጋለሁ። እሷ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የደነዘዘው ይመለስልኛል ወይ? ዛሬ ያለኝስ ይቀርልኛል ወይ? የምታውቁ ብትመልሱልን ውለታችሁ አይረሳም።

መልስ፦ ከነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም

የእኅትዎን ምስሎች ሳላይ፣ እሷንም ሳልመረምር የምጽፈው በመሆኑ ቃሌ የሐኪሟን ምክር አይተካም። ሆኖም ቤተሰባችሁን ያከራከረው ጉዳይ የሙያችን ዋና ጥያቄ ስለሆነ በግልጽ መመለስ ይገባኛል።

ኤፔንዲሞማ በአዋቂዎች ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ከሚበቅሉ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው በዝግታ ሲሆን፣ ከጤናማው አካል የሚለየው ወሰንም ብዙ ጊዜ ስለሚኖረው ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ከወጣም ብዙዎች የጨረር ሕክምና ሳያስፈልጋቸው በየጊዜው በሚነሡት ኤም.አር.አይ ብቻ ክትትል ይደረግላቸዋል።

የአባታችሁ ስጋት ከፍቅር የመጣ ነው፤ በዚህ ሕመም ግን የባሰበትን ቀን መጠበቅ ከሁሉ የሚከፋውን ቀን መምረጥ ይሆናል። ታማሚው ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዴት እንደሚሆን ከሚጠቁሙ ነገሮች ሁሉ ጠንካራው፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲገባ የነበረበት ሁኔታ ነው። እየተራመደ የገባ ሰው መራመዱን ይዞ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ሲሆን፣ መራመድ ካቃተው በኋላ የገባው ግን ዕጢው በሚገባ ቢወጣለት እንኳ ያጣውን መልሶ የሚያገኘው ጥቂት ጊዜ ነው፤ የእጅና የእግር ነርቮች ከተጎዱ በኋላ መልሰው ሊያድጉ ሲችሉ ሕብለ ሰረሰር ግን እንደ እነርሱ መልሶ አያድግምና። ስለዚህ ለእኅትዎ ሁለት ጥያቄዎች የምሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ያላትን ማቆየት የቀዶ ሕክምናው ዋና ተስፋ ነው። የደነዘዘው መመለስ ግን ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ነው፤ ሕመሙ ሊቀል ይችላል፣ ድንዛዜው ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል።

አደጋውን ደግሞ ሳልሸፍን ልንገራችሁ። ዕጢው በሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ስላለ ሐኪሙ የሚደርስበት ሕብለ ሰረሰሩን ከኋላ በኩል መሐል ለመሐል ከፍቶ ነው። በዚያ ወገን የሚያልፉት መስመሮች እጅና እግራችን የት እንዳሉ የሚያሳውቁን ናቸው፤ ስለዚህ ይህ ስሜት መቀነሱ የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእጅና የእግር ድካም ከበፊቱ ሊብስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻሻላል፣ አንዳንዴ ግን ቋሚ ሆኖ ይቀራል። የሽንትና የሰገራ መቆጣጠር ችግር፣ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ በሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ውጭ መፍሰስም ያጋጥማሉ። ለመተንፈስ የሚያገለግለው የድያፍራም ነርቭ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ደረጃ ስለሚነሣ፣ ዕጢው ያለበትን ከፍታ ሐኪሟን መጠየቅ አለባችሁ።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከአንጎል ወደ ጡንቻዎች የሚሄደውን ምልክት የሚከታተል መሣሪያ ይገጠማል። ምልክቱ ሲደክም ሐኪሙ እጁን ያቆማል፣ ይጠብቃል፣ አንዳንዴም የቀረውን ዕጢ ትቶ ይወጣል። ዕጢው አስትሮሳይቶማ የሚባለው፣ ከጤናማው አካል የሚለየው ግልጽ ወሰን የሌለው ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተገኘም ሁሉን ለማውጣት መታገል ጉዳቱ ያመዝናል። እንዲህ ቢያጋጥም ምን እንደሚደረግ እኅትዎ ከመተኛቷ በፊት ከሐኪሟ ጋር መስማማት ይኖርባታል።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ዕጢ ከወጣላት ታማሚ

ወንድሜ፣ ዶክተሩ ስለ እጅና እግር ስሜት የጻፉትን ደግመው ያንብቡት። እኔ «ሽባ ልትሆኚ ትችያለሽ» የሚለውን ሰምቼ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እግሬ እየተንቀሳቀሰ የት እንዳለ ግን ላይታወቀኝ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር። ስነቃ ጣቶቼን አንቀሳቀስሁ፣ ሁሉም ደስ አላቸው፤ ለመቆም ስሞክር ግን መሬቱን አላገኘሁትም። እግሬን በዓይኔ እያየሁ እንደ ሕፃን መራመድ ተማርሁ። ፊዚዮቴራፒው ከቀዶ ሕክምናው ያላነሰ ሥራ ነበር፤ ያገኘሁትም በእርሱ ነው። ዛሬ ያለ ድጋፍ እሄዳለሁ፤ በጨለማ ግን ግድግዳ እይዛለሁ፣ ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን ስጨፍንም እንገዳገዳለሁ። ከደረቴ በታች እንደ መጥበቅና መቃጠል ያለ ስሜት ቀርቶብኛል፣ ለእርሱም መድኃኒት እወስዳለሁ።

ይህን የጻፍሁት ላስፈራት አይደለም። ዳግመኛ ምረጪ ብባል ያንኑ እመርጣለሁ፤ ምርጫዬ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማጣት ነበርና። ነገር ግን ውሳኔው የእሷ ይሁን። አባትም ወንድምም በፍቅር ይመክራሉ፤ በዚያ አካል ውስጥ የምትኖረው ግን እሷ ናት። ብቻዋን ሐኪሟን የምታነጋግርበት ጊዜ ስጧት፤ በእናንተ ፊት የማትጠይቀው ጥያቄ ይኖራት ይሆናል።

መልስ፦ ባለቤቱን ካስታመመ ሰው

ከላይ የተጻፈውን አልቃወምም፤ መጠበቅ ግን ሁልጊዜ ስሕተት ነው ተብሎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። የባለቤቴ ሕብለ ሰረሰር አብጦ ሲታይ መጀመሪያ ዕጢ ነው ተብሎ ለቀዶ ሕክምና ተቀጠረች፤ ሌላ የነርቭ ሐኪም የአንጎል ምስልና የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ጨምረው የሰውነት መከላከያ ያስነሣው ብግነት ሆኖ ተገኘ፣ በስቴሮይድም ተሻላት። ምንም ምልክት ሳይኖር በአጋጣሚ የተገኘ ትንሽ ዕጢም በምስል እየተከታተሉ ሊቆይ እንደሚችል ተነግሮናል። ስለዚህ ምስሎቹን ይዛችሁ ሁለተኛ ሐኪም አማክሩ። እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ የሚቀድዱት ሐኪም ምን ያህሉን እንደሠሩ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አባታችን ሌላም ምሳሌ ያነሣሉ፤ የሚያውቁት ሰው ሽባ ሆኖ ከተኛ በኋላ ዕጢ ከጀርባው ወጥቶለት ተነሥቶ ሄዷል። ይህ እንዴት ሆነ? ሁለተኛ ሐኪም እስክናገኝስ ምን መጠንቀቅ አለብን?

መልስ፦ ከነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም

አባታችሁ ያዩት እውነት ሊሆን ይችላል። በ1887 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቪክቶር ሆርስሊ ለንደን ውስጥ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ ሰው ላይ ዕጢ አውጥቶ ሰውየው ዳግም ተራምዷል። ያ ዕጢ ግን ሕብለ ሰረሰሩን ከውጭ የተጫነ እንጂ በውስጡ የበቀለ አልነበረም። ከውጭ የሚጫን ዕጢ ሲነሣ ሕብለ ሰረሰሩ ሳይከፈት ከጫናው ይገላገላል፤ ማገገሙም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። የእኅትዎ ከውስጥ ስለሆነ በዚያ ሰው መለካት የለበትም።

ሁለተኛ ሐኪም ማማከራችሁን እደግፋለሁ፤ ለሳምንታት መዘግየት በዝግታ በሚያድግ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ይሁንና እግሯ መክበድ ወይም መተሳሰር ከጀመረ፣ ቁልፍ መቆለፍና መጻፍ ካቃታት፣ ሽንቷ አልመጣ ወይም አልያዝ ካላት፣ ወይም ድካሙ በቀናት ውስጥ ከጨመረ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ የኤም.አር.አይ ምስሎቿንም ይዛችሁ ሂዱ።