ክርክር፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በእግር «ለሁሉም ሰው ቀላል» ነው ወይ?

ጉልበቴን
ይህን ያያችሁ አላችሁ? አንድ የእግር ጉዞ ቡድን ለእሑድ ጥሪ ለጥፏል። እንዳለ ልገልብጠው፦ «ከደሴ ኮምቦልቻ በእግር። መንገዱን ገምግመናል። ቁልቁለት ስለሆነ ለሁሉም ሰው ቀላል ነው፣ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ አካል ጉዳተኛ ሳንል ሁላችንም እንውጣ።»
ገምግመናል! በምን ገመገሙት? በሚኒባስ መስኮት?

ኮምቦልቼው
ኧረ ረጋ በል ወንድሜ። ሰው ከቤቱ ይውጣ ባሉ ምን አጠፉ? ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ነው አሉ። ዳገት ነው ቢሉ ነበር ውሸቱ።

ጉልበቴን
ቁልቁለት መሆኑን ማን ካደ? «ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ነው» ነው የሚለው። አንተ በመሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ በእግርህ ወርደህ በማግስቱ ደረጃ ወርደህ ታውቃለህ?

ኮምቦልቼው
እናቴ ወርዳዋለች። ተሸክማ።

ወሎየዋ
የሁላችንም እናት ወርዳዋለች። ተሸክማ ስለወረደች ቀላል ነበር ማለት ነው? የሷን ጉልበት ዛሬ ጠይቃት እስቲ።

ወጌሻ አይደለሁም
ሥራዬ የአካል ሕክምና ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ዳገት ልብና ሳንባን ይፈትናል። ቁልቁለት ግን ጭንና ጉልበትን ነው የሚይዘው። ስትወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ፍሬን የሚይዝላችሁ። በማግስቱ የሚያመው ለዚህ ነው። ትንፋሽ ስለማያጥር ሰው የደከመ አይመስለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጉልበቱ ያረጀ ሰው ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ነው የሚፈራው። እኔ ጋ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች «ስወጣስ ደህና ነኝ፣ ስወርድ ነው» ነው የሚሉኝ።

ሒሳብ አይዋሽም
ስሜቱን ትተን በቁጥር እንነጋገር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ልዩነቱ 650 ሜትር። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ስታካፍሉት 2.6 በመቶ ተዳፋት። የሕንፃ የዊልቸር መወጣጫ እንኳ 1 ለ12 ይፈቀድለታል፣ እሱም 8.3 በመቶ ነው። ታዲያ ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?

የሐረጎ ልጅ
2.6 በመቶ 😂 አቦ ይህን ቁጥር ይዘህ ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ቁምልኝና «በአማካይ ሜዳ ነህ» በለው።

ጉልበቴን
@ሒሳብ አይዋሽም የደሴን ከተማ ውስጥ ሜዳ፣ የኮምቦልቻን ሜዳ ሁሉ ጨምረህ ነው ያካፈልከው። ቁልቁለቱ እኮ በ25 ኪሎ ሜትር ላይ እኩል አልተበተነም። አብዛኛው አንድ ቦታ ተከምሯል። መንገድ የሚገመገመው በአማካዩ ሳይሆን በባሰበት ቦታ ነው። ዊልቸር የሚቆመው እዚያ ነው፣ አማካዩ ላይ አይደለም።

ሒሳብ አይዋሽም
ጣሊያን የሠራው መንገድ እኮ ነው። ለከባድ መኪና ተብሎ የተቀደደ መንገድ የፈለገ ቢሆን ግድግዳ አይሆንም። ለዚያ ብለው ነው ያን ያህል ያጠማዘዙት።

የሐረጎ ልጅ
እሺ፣ አስፋልቱ ይሁን። ግን እነሱ በአስፋልት ነው የሚወርዱት በአቋራጭ? ጥሪው ላይ አልጻፉም። አስፋልቱ ሌላ፣ አቋራጩ ሌላ መንገድ ነው። አቋራጩ ጥምዝምዙን እየቆረጠ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እግር የቦረቦረው፣ ክረምት ጎርፍ ያሰፋው። ከባህር ዛፉ ስር ያለው ደግሞ የባሰ ነው። ደረቅ ቅጠሉ ያንሸራትታል፣ ፍሬው ጫማ ስር ይንከባለላል። ሥሩን እንደ ደረጃ እየረገጥክ ካልወረድክ በቂጥህ ነው የምትወርደው። እዚያ ላይ ነው ሕፃንና ሽማግሌ የተጠራው?

ኮምቦልቼው
በአስፋልት ይሆናላ። ማን በአቋራጭ አለ?

የሐረጎ ልጅ
አንተ። አሁን። እነሱ ምንም አላሉም።

ጡረተኛው ሾፌር
ልጆች፣ አስፋልት ከሆነ ደግሞ እኔ ልናገር። ያን መንገድ በተሳቢ ነው ያረጀሁበት። ከባድ መኪና መታጠፊያ ላይ ሲዞር የፊት ጎማው የሄደበትን የኋላው አይሄድበትም። ተሳቢው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በውስጥ በኩል የቆመ እግረኛ ፊቱን እያየ «አለፈኝ» ይላል፣ የሚመታው ኋላው ነው። ሾፌሩ በዚያ በኩል አያየውም። አንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ድንጋይ ግንቡ አንድ ሰው በጎኑ የሚቆምበት ቦታ እንኳ የለም። እግረኛ መሄድ ያለበት መኪና ፊት ለፊት በሚያይበት በኩል፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ደግሞ በውጭ በኩል ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ያኔ መንገዱን መሻገር ነው፣ መሻገሪያውም አይታይም።

ወሎየዋ
ጋሼ፣ ይህን የጻፉትን ለቡድኑ ይላኩላቸው እባክዎ።

ኮምቦልቼው
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን እሑድ ጠዋት ከባድ መኪና ይቀንሳል።

ጡረተኛው ሾፌር
የጅቡቲ ጭነት እሑድ አያውቅም ልጄ።

ቨርጂኒያ ያለሁ
እኔ ያለሁበት አገር የደን አገልግሎቱ ይህን ክርክር ጨርሶታል። ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ በሚሠራ የእግር መንገድ ላይ ከጠቅላላው ርዝመት ከ1 ለ12 የሚበልጠው ተዳፋት 30 በመቶውን ማለፍ የለበትም። ዋናው ግን መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ርዝመቱ ይህን ያህል፣ መሬቱ ጠጠር ወይም አፈር፣ የሚጠበው ቦታ ስፋቱ ይህን ያህል፣ የባሰበት ተዳፋት ይህን ያህል፣ ወደ ጎን ማዘንበሉ ይህን ያህል ይላል። ሰውየው አንብቦ ለራሱ ይወስናል። እነዚህም ያንን ቢጽፉ አለቀ።

ኮምቦልቼው
መጣ ደግሞ ሰሌዳ። ወንድሜ እዚህ የከተማ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ፍየል ነው የሚታሰርበት።

ቨርጂኒያ ያለሁ
እንጨት አላልኩህም። በስልክ አምስት መስመር መጻፍ ስንት ያስወጣል? «ለሁሉም ሰው» ለማለት ቦታ ካላቸው ለዚህም አላቸው።

ጉልበቴን
እኔም የምለው እሱን ነው። ቀላል ነው ከባድ ነው አትበሉን። ያያችሁትን ንገሩን። እግሩ የኔ ነው።

ነጭ ዱላ
ሁላችሁም ስለኛ ታወራላችሁ፣ አንዳችሁም አልጠየቃችሁም። ዓይነ ስውር ነኝ፣ ደሴ ነው የምኖረው። ሐረጎ ድረስ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ አውቃለሁ። ለኔ ቁልቁለቱ ችግር አይደለም። ቁልቁለት በእግሬ ይሰማኛል፣ እንደውም አቅጣጫ ይነግረኛል። የኔ ችግር ክዳኑ የተሰረቀ የውሃ ቦይ ነው። መንገድ ዳር የተቆለለ አሸዋ ነው። ከወገብ በላይ የተዘረጋ ሽቦ ነው፣ ዱላዬ ከታች ስለሚያልፍ ግንባሬ ነው የሚያገኘው። ይህ ሁሉ ያለው ደግሞ ሐረጎ ላይ ሳይሆን ከተማው ውስጥ ነው። ጉዞው ሳይጀመር። እናንተ ግን «አካል ጉዳተኛ» ስትሉ ዊልቸር ብቻ ነው የሚታያችሁ።

ሒሳብ አይዋሽም
አያችሁ! እሷ ሄዳለች። ቀላል ነው ማለት ነው።

ነጭ ዱላ
ቀላል ነው አላልኩም! አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥልኝ። ክርኑን ይዤ የምሄደው ሰው ነበረኝ። ጥሪው ላይ መሪ ይኖራል ተብሏል? አልተባለም። «ሁላችንም እንውጣ» ብሎ ጠርቶ መንገድ ላይ እንደ ዕቃ መረካከብ ነው የሚመጣው።

ሒሳብ አይዋሽም
እህቴ ላስቀይምሽ አልፈለግኩም። ግን ቁልቁለቱ ችግር አይደለም ብለሻል።

ወሎየዋ
ኧረ ተዋት በአላህ።

ጠበቃው
ሕጉን የሚያነሳ ጠፋ እንዴ? አካል ጉዳተኛ የሚገባበት ሁኔታ መመቻቸት አለበት የሚል አዋጅ አለ። ሊከሰሱ ሁሉ ይችላሉ።

ጉልበቴን
እሱ የሕንፃ አዋጅ ነው ጌታዬ። ሐረጎ ስንተኛ ፎቅ ነው?

ጠበቃው
😂 እሺ ሳቁ። ግን አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 9ን አንብቡ፣ መንገድና ትራንስፖርት በስም ተጠቅሰዋል። ግዴታው የመንግሥት ነው እንጂ የእግር ጉዞ ቡድን አይደለም፣ እሱን አልክድም። ግን ዊልቸር አስፋልቱ ዳር መሄጃ ካጣ ተጠያቂው ጥሪ የጻፈው ልጅ ሳይሆን የእግረኛ ዳር ሳይተው ያደሰው አካል ነው።

ኮምቦልቼው
በመጨረሻ አንድ ሰው ልጆቹን ለቀቃቸው።

ጉልበቴን
አልለቀቃቸውም። መንገዱን ማን እንዲህ አደረገው ሌላ ነገር ነው። መንገዱ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቀላል ነው ማለት ሌላ ነው። ያለበትን እያዩ ሰው መጥራት የጠሪው ነው።

የዶሮ መዝለያ አሞራ
ለምን በቦርከና በኩል አይሄዱም? ወንዙ ራሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው። መኪና የለ፣ አቧራ የለ።

የሐረጎ ልጅ
ስምህ ላይ መልሱ አለ እኮ። ዶሮ መዝለያ ገደል ነው። አንተ አሞራ ስለሆንክ ይሆናል።

የዶሮ መዝለያ አሞራ
እረኞች ይሄዱበታል።

ወሎየዋ
እረኞች የማይሄዱበት የት አለ? በክረምት ሞክረው ደግሞ፣ ውሃው ኮምቦልቻ ያደርስሃል። ያለ ክፍያ።

ሒሳብ አይዋሽም
ሰዓቱስ? ሦስት ሰዓት ይበቃል ብለዋል ጥሪው ላይ። ይህኛው ትክክል ይመስለኛል፣ ቁልቁለት ስለሆነ ይፈጥናል።

ጉልበቴን
ሦስት ሰዓት?? ቁጥር ትወድ የለ፣ እንካ። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው የተራራ ስሌት አለ፤ እስከ ዛሬ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ይሠሩበታል። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ዳገቱን ተወውና 25ን ለ5 አካፍል። 5 ሰዓት። ይህ ለጠንካራ ሰው፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ፎቶ። በኋላ የመጡት ደግሞ ቁልቁለቱ በጣም ቀጥ ሲል ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ ጨምር ይላሉ። ቀንስ አይደለም፣ ጨምር። ሲመለሱ ዳገቱ አለ፣ 6 ሰዓት አልፎ ይሄዳል። ሕፃንና ሽማግሌ ይዘህ ስትሆን አንተው ደምረው።

ሒሳብ አይዋሽም
የስኮትላንድ ሰው የወሎን ሰው እግር ምን ያውቃል? የኛ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

ወጌሻ አይደለሁም
የኛ ሰው ነው እኔ ጋ የሚመጣው።

ኮምቦልቼው
እኔ አሁን የገባኝ ነገር አለ። ደሴዎች ወደ ኮምቦልቻ ሰው እንዲወርድ አትፈልጉም። ኤርፖርቱ እኛ ጋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እኛ ጋ፣ አሁን ደግሞ እሑድ ሰው እኛ ጋ ምሳ ሊበላ ሆነ።

የሐረጎ ልጅ
ኤርፖርቱን አትንካ፣ አውሮፕላን ደሴ ላይ ማረፊያ ሜዳ ቢያገኝ ኖሮ እናንተ ጋ ምን ያመጣዋል። ብርዱ አስቸግሮህ ነው?

ኮምቦልቼው
ብርዱ ሳይሆን ጉሙ። ከኮምቦልቻ ቢነሱ እኮ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር። ጠዋት ሳይሞቅ ዳገቱን፣ ደሴ ሲደርሱ ቀዝቃዛ። እናንተ የምትሉት ከረፋዱ ጉም ተነስተው በቀትር ሙቀት ውስጥ መግባት ነው።

ነጭ ዱላ
ይህ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የተሻለ ሐሳብ ነው። ለጉልበትም፣ ለመኪናም። ዳገት የሚወጣ ሰው ቀስ ይላል።

ሒሳብ አይዋሽም
ዳገት ከሆነ ለሁሉም አይሆንማ!

ጉልበቴን
እስካሁን ለሁሉም ነው ስትል አልነበር?

ሒሳብ አይዋሽም
ወደ ታች ነው ያልኩት።

ቨርጂኒያ ያለሁ
ከቡድኑ መልስ የሰጠ አለ? ጥያቄዎቹን ጽፌላቸው ነበር። በአስፋልት ወይስ በአቋራጭ፣ መመለሻ መኪና አለ ወይ፣ የደከመ ሰው የት ላይ ሚኒባስ ያገኛል።

ወሎየዋ
መለሱልህ፣ እኔ አይቼዋለሁ። «አይዞህ ወንድማችን፣ አብረን ነን» ብለው ልብ አድርገውበታል።

የሐረጎ ልጅ
😂😂😂 ልብ ያለው ይውጣ።

ጡረተኛው ሾፌር
መነሻው ከየት ነው የተባለው? ከፒያሳ ነው ከመናኸሪያው? ከፒያሳ ከሆነ 25ቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ሒሳብ አይዋሽም
25 ከተማ ለከተማ ነው ጋሼ። ከመውጫው ነው የሚቆጠረው።

ጡረተኛው ሾፌር
የትኛው መውጫ? ደሴ መውጫዋ በየዓመቱ ይገፋል።

ኮምቦልቼው
የኛም መግቢያ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ትንሽ ብትታገሱ 20 ይሆናል።

ጉልበቴን
ጥሪውን አሁን አርመውታል፣ እዩት። «ለሁሉም ሰው» የሚለውን አጥፍተው «ለቤተሰብ» አድርገውታል።

ወሎየዋ
ቤተሰብ ውስጥ ሽማግሌ የለም ማለት ነው?