ክርክር፦ ጀማሪ ቀስተኛ ተከፋች ስለት ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ የአጋዘኑን ብዛት ለመቀነስ ፓርኮቹ ውስጥ በቀስት ማደን ይፈቀዳል። ዘንድሮ ልጀምር ነው። ቀስቴ ኮምፓውንድ ነው፣ ማለትም ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው፤ ለመሳብ 52 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል። ሻጩ ሲበር ታጥፎ፣ ሲመታ የሚከፈተውን የፍላጻ ጫፍ፣ ተከፋች ስለት የሚሉትን፣ ሸጠልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ለጀማሪ በሕግ መከልከል ነበረበት» አለኝ። እናንተስ?

ጎረቤት፦ እኔ አላድንም። ግን አምና አንድ አጋዘን ጭኑ ላይ ፍላጻ እንደተሰካበት ጓሮዬ ውስጥ ሲያነክስ አይቻለሁ። ልጆቼ አለቀሱ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀማሪው ራሱ ይከልከል።

የድሮ አዳኝ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ ያሳዝናል። ግን ጭን የመታው ስለቱ ሳይሆን ተኳሹ ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም፤ ቆርጦ፣ ደም አፍስሶ ነው የሚገድለው። ሳንባ በስቶ በወዲያኛው ጎን ቢወጣ ነው ደስ የሚለኝ። ተከፋቹ ለመከፈት ራሱ ጉልበት ይበላል። 70 ፓውንድ ለሚስብ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። በ52 ግን እኔ አላምነውም። የማይታጠፍ ቋሚ ስለት፣ እንደ ምላጭ የተሳለ። አለቀ።

የሜሪላንዱ፦ አላለቀም ጋሼ! ቋሚ ስለት አየር ይይዛል። ቀስቱ በደንብ ካልተስተካከለ የልምምድ ጫፉ ከመታበት ቦታ ራቅ ብሎ ይመታል። ጀማሪ ደግሞ ማስተካከሉን ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? ተከፋቹ ልክ እንደ ልምምዱ ጫፍ ይበራል። የሚከፍተው ቁስልም ሰፊ ነው፤ የደሙን ዱካ መከተል ይቀላል። የቨርጂኒያ ሕግም የስለቱ ወርድ ቢያንስ 7/8 ኢንች ይሁን ነው የሚለው።

የድሮ አዳኝ፦ ካልተስተካከለ ይስተካከላላ! ባልተስተካከለ ቀስት ነፍስ ላይ ይተኮሳል እንዴ?

ጠያቂው፦ ቆይ፣ የፍላጻው ዘንግስ? የእኔ ላይ 300 ተጽፎበታል። «ጠንካራው ይሻልሃል» ተብዬ ነው።

የድሮ አዳኝ፦ ወይ ጉድ። ቁጥሩ ክብደቱ አይደለም፣ ምን ያህል እንደሚለመጥ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይጠጥራል። 300 ለ70 ፓውንድ ቀስት ነው። ለአንተ፣ ዘንጉ 28 ኢንች ከሆነ፣ 400 አካባቢ ይበቃሃል። የአምራቹን ሰንጠረዥ እይ። የፍላጻው ጠቅላላ ክብደት ከ400 እስከ 450 ግሬን (ፍላጻ የሚመዘንበት ትንሽ መለኪያ) ይሁን። በጣም ቀላል ፍላጻ ቀስቱንም ይጎዳል። ካርቦን ከሆነ ደግሞ ከመተኮስህ በፊት ለመጥ እያደረግህ ስንጥቅ እንዳለው እይ። ተሰንጥቆ እጅ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

የሜሪላንዱ፦ በዚህስ እስማማለሁ።

አንድ አንባቢ፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣ። ሳይባረክ የሞተ ሥጋ ይበላል?

ሌላ አንባቢ፦ እኛ ሙስሊሞች ፍላጻውን ስንለቅ ቢስሚላህ እንላለን። የእናንተን አላውቅም።

የሜሪላንዱ፦ የእኛን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ግን ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የምታድን ከሆነ ትልቅ ፍሪዘር ግዛ።

ጎረቤት፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ይሄ ልጅ ምን ያህል ተለማምዷል?

ጠያቂው፦ በ20 ያርድ ከ5 ፍላጻ 3ቱን አገባለሁ።

የድሮ አዳኝ፦ 3ቱን? እንግዲያው ስለቱን ገና አትግጠመው።

የሜሪላንዱ፦ ተከፋች ቢሆን ኖሮ ግን...

ጎረቤት፦ ኧረ ተወን!