የናስካር ጎማ ለምን ጥርስ የለውም?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው። ማታ በስልኬ የአሜሪካኖቹን የናስካር የመኪና ውድድር ሳይ ጎማው ልሙጥ ነው። እኔ ጋ እንዲህ ያለቀ ባጃጅ ቢመጣ «በል ቶሎ ቀይር» ነው የምለው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥርሱ ውሃ ማስወጫ ነው። በደረቅ አስፋልት ልሙጡ ሙሉ ፊቱ መሬት ስለሚነካ የበለጠ ይይዛል። በትልልቆቹ ክብ ሜዳዎች ዝናብ ከጣለ ውድድሩ ይቆማል።

መልስ፦ ግራና ቀኙንም እያቸው። ክቡ ሜዳ ላይ የሚታጠፉት ወደ ግራ ብቻ ነው፤ ሸክሙ ቀኝ ጎማ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የግራውን ነፋስ ያሳንሱታል። የሚሞሉት ደግሞ ናይትሮጅን ነው። ተራ አየር እርጥበት አለው፤ ሲሞቅ ግፊቱ ከታሰበው በላይ እየጨመረ ያስቸግራል። በፈረንጆቹ 2022 ደግሞ በዋናው የናስካር ውድድር አምስቱ ዳዶ ቀርቶ ቸርኬው በአንድ ዳዶ ብቻ ይታሰር ጀመር።

ጠያቂው፦ አንድ ዳዶ! ዛሬ ጠዋት የአንድ ሚኒባስ ዳዶ ዝጎ፣ ናፍጣ እያፈሰስሁ ሃያ ደቂቃ ታገልሁት። እጄ እስካሁን ጥቁር ነው። የነፋሱን ነገር ግን ወደድሁት። እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን ለካ። ከሰዓት በባሕር ዳር ፀሐይ ሲሮጥ ከዋለ ጎማ ላይ ነፋስ አትቀንስ።