«ሶርት ማድረግ እኮ አንድ መስመር ነው» ላሉን ሰውዬ

የላብ ልጅ፦ ቅዳሜ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ። አሰልጣኙ «ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዛሬም ተማሪውን ባብል ሶርት እያስጻፉ ያንገላቱታል፤ ሶርት ማድረግ እኮ አንድ መስመር ነው» ብሎ አረፈው። ቁጥርና ስም በተራ መደርደሩን ነው፤ ዝግጁ ትእዛዝ አለ ማለቱ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ባብል፣ ኢንሰርሽን፣ መርጅ፣ ኩዊክ የሚባሉትን የመደርደሪያ ዘዴዎች በእጃችን ጽፈን በሰዓት ያወዳደርንበት ላብ ካምፓስ ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ነው። እሱ ይቅር?

ዴድላይን፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ሥራ ከገባሁ ወዲህ ኩዊክ ሶርት ጽፌ አላውቅም። ቡድናችን ውስጥ የሚጽፍ ሰው ካየሁ ኮዱን አላሳልፍለትም። ደሞዝ የሚከፈለኝ በአንድ መስመሩ ነው።

ፒቮት፦ አንድ መስመሩን ማን የጻፈው መሰለህ? ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ያለውን ቲም ፒተርስ በ2002 ነው የሠራው፤ ቲምሶርት ይባላል። የመርጅ ሶርትና የኢንሰርሽን ሶርት ቅልቅል ነው። አንተ «ማንገላታት» የምትለውን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ባይኖር መስመርህም አይኖርም።

ዴድላይን፦ እሺ፣ ቲም ጻፈልን፤ እናመሰግናለን። እኔ ለምን ልድገመው?

ከሜዳ ውጪ፦ ኦባማ እንኳ በ2007 ጉግል ሄዶ፣ የያኔው የጉግል አለቃ ኤሪክ ሽሚት አንድ ሚሊዮን ቁጥር በምን ይደረደራል ሲለው ባብል ሶርት አያዋጣም ብሎ መልሷል። የሕግ ሰው የሚያውቀውን የእኛ ተመራቂ አይወቅ ነው የምትሉት?

ዴድላይን፦ ኦባማም አልጻፈውም እኮ። ሃሃ።

የላብ ልጅ፦ ቀልዱን ተወውና ስማኝ። 10 ሺህ ቁጥር ስጠው። ባብል ወደ 50 ሚሊዮን ጊዜ ያወዳድራል። መርጅ ቢበዛ 124 ሺህ ገደማ። ይሄን ወረቀት ላይ ብታነበው ነገ ትረሳዋለህ። ቁጥሩን 20 ሺህ አድርገህ የባብሉ ሰዓት አራት እጥፍ ሲሆን፣ የመርጁ ግን ከእጥፍ ትንሽ ብቻ ሲያልፍ በዓይንህ ካየህ ግን አትረሳውም። ከዚያ በኋላ ሉፕ (የሚደጋገም ትእዛዝ) ውስጥ ሉፕ ስትጽፍ እጅህ ይሰንፋል።

ባብል ይኑር፦ ይሄን ሁሉ የምታወሩት ሞክራችሁት ነው? እኔ ትናንት ማታ እልህ ይዞኝ ሞከርኩት። አንድ ሊስት፣ 10 ሺህ ቁጥር። መጀመሪያ ኩዊክ፣ ቀጥሎ ባብል። ባብል ኩዊክን አሸነፈው! መጽሐፉም መምህሩም ሲዋሹን ኖረዋል።

ፒቮት፦ ወንድሜ፣ ኩዊክ ሶርትህ ሊስቱን እዚያው በቦታው ነው የሚደረድረው አይደል? እንግዲያው ባብል የደረሰው የተደረደረ ሊስት ነው። ጎን ለጎን ያሉትን 9,999 ጊዜ አወዳደረ፣ ቦታ የሚያለዋውጠው አጣና ወጣ። ለእያንዳንዱ የየራሱን ኮፒ ስጠው።

ባብል ይኑር፦ ሰዓት ሰዓት ነው። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

የላብ ልጅ፦ ይኸው! ላቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዴድላይን፦ ይኸው ምን? ላብ ገብቶ ነው እንዲህ የለካው።

መምህሩ፦ እኔ ይሄን ኮርስ አስተምራለሁ፣ ከአሰልጣኙ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ሪፖርት ሲመጣልኝ የአንዱ ቻርት የሌላው ቻርት ነው። የሰዓቱ ቁጥር እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ! ማንም አልለካም፣ ተገለባብጠዋል።

ፒቮት፦ መምህር፣ በአክብሮት፣ እርስዎ ጥያቄውን ይቀይሩት። ፒቮቱን፣ ማለትም ኩዊክ ሶርት ሌሎቹን ትንሽና ትልቅ ብሎ የሚከፍልበትን ቁጥር፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር አድርገው የተደረደረ ሊስት ያስገቡ በሏቸው። ፓይተን ላይ ሪከርሽኑ (ኮዱ ራሱን በራሱ ውስጥ መጥራቱ) 1,000 አካባቢ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይወድቃል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር ኩዊክ ሶርትን በ1959 ሞስኮ እያለ ሲያስበው የሩሲያኛ ቃላት መደርደር ቸግሮት ነው፤ ዝግጁ ነገር ቀርቦለት አይደለም።

ዴድላይን፦ አንድ መስመሩ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ለዚህ ነው የምንጠቀምበት።

ፒቮት፦ የለም? በ2015 ተመራማሪዎች የጃቫውን ቲምሶርት ትክክለኛነት በሒሳብ እናረጋግጥ ብለው ሲነሱ ስህተት አገኙበት። አንድሮይድም ላይ የነበረ ኮድ ነው። ስንት ሚሊዮን ሰው «አንድ መስመር» እያለ ሲጠራው ከርሞ!

ዴድላይን፦ ያገኘው ታዲያ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው?

ሬጅስትራር፦ ይቅርታ፣ መሃል ልግባ። እኔ የተማሪ ስም ዝርዝር ነው የምሠራው። አንድ መስመሩን ሰጠሁት። ሀይሉ መጀመሪያ ላይ ቁጭ፣ ኃይሉ ደግሞ ከተስፋዬ በኋላ። አንድ ልጅ ሁለት ፎርም ላይ በሁለት ፊደል ተጽፎ ሁለት ቦታ ተገኘ። ይሄን በየትኛው መስመር ልፍታው?

ሆሄ ጠባቂ፦ ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ? ብዙኃኑ ኀ በሀሁ ተራ ከተ በኋላ ነው የሚመጣው። ጥፋተኛው ኃይሉን በሃሌታው ሀ የሚጽፈው ሰው ነው።

ሬጅስትራር፦ እና ወላጁን ጠርቼ ግዕዝ ላስተምረው?

ሆሄ ጠባቂ፦ ቢማሩ አይጎዳቸውም።

ዴድላይን፦ አትጣሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ የሚያደርግ ፋንክሽን ጻፊና ሶርቱ ላይ ኪ (የመደርደሪያ መለኪያ) አድርገሽ ስጪው። አለቀ፣ ሁለት መስመር።

ፒቮት፦ ሁለት ሆነ! እስከ ማታ ስንት ይደርስ ይሆን?

ሬጅስትራር፦ ሰ እና ሠስ? አ እና ዐስ?

የላብ ልጅ፦ ሦስት በል። ደግሞ በስም ደርድራ ቀጥላ በውጤት ስትደረድር፣ እኩል ያመጡት በስም ተራቸው ይቆያሉ? ፓይተን ላይ አዎ። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ በተለመደው ሶርት ዋስትና የላትም። ይሄን አሰልጣኙ ነገሯችኋል?

ዴድላይን፦ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ማንበብ ነው።

ከሜዳ ውጪ፦ ማኑዋል የሚያነብ አበሻ አሳዩኝ፣ እኔም እጄን እሰጣለሁ።

መምህሩ፦ ሆሄ ጠባቂ፣ ሞክሼዎቹን ስለመለየት ያሉት እኔንም ደስ ይለኛል፣ ግን ልጅቷ ዛሬ ዝርዝሩን ማስረከብ አለባት።

ሆሄ ጠባቂ፦ እንዲህ እየተባለ ነው ፊደሉ የሚያልቀው!

ባብል ይኑር፦ በኮፒ ሞከርኩት። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ስላልነበረ አይቆጠርም።

ፒቮት፦ ውጤቱን ለጥፈው።

ባብል ይኑር፦ አይቆጠርም አልኩ እኮ።