«ጆሮ ያለው ሐኪም መሣሪያ አይፈልግም» ለተባለው

ሲስተር ከደሴ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ዶክተር «ለጤና ጣቢያ የትንፋሽ መለኪያ መግዛት ብክነት ነው፤ ጆሮ ያለው ሐኪም መሣሪያ አይፈልግም» ብለው ጻፉ። በጣም አናደደኝ። እኛ ጋ የምትመጣው እናት ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ውስጥ እንጀራ የጋገረች ናት። ሳል ይዟት ትመጣለች። አክታዋ ይመረመራል፣ ቲቢ የለም ይባላል። አሞክሳሲሊን ይዛ ትሄዳለች። ከወር በኋላ ያው ሳል፣ ያው አሞክሳሲሊን። አስም ይሁን ጭስ የጎዳው ሳንባ፣ የነገራት የለም። ጆሮማ ሁላችንም አለን።

ጠቅላላ ሐኪም፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እዛው ነኝ። ሲስተር፣ ስፓይሮሜትር፣ ማለትም በማስነፋት የሳንባን አቅም የሚለካው ማሽን፣ ቢመጣ ማን ያስነፋል? በትክክል ማስነፋት ሥልጠና ይፈልጋል። አፍ ላይ የሚገባው ዕቃ ያለቀ ቀን ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ታሪኳን በደንብ ጠይቁ፣ ደረቷን አዳምጡ።

ፋርማሲስቱ፦ ዶክተር፣ የሚያፏጭ ደረት ሁሉ አስም አይደለም። የባሰበት አስም ደግሞ ጭራሽ ድምፅ ላይሰጥ ይችላል። ያኔ ጆሮዎ ምን ይሰማል? ስፓይሮሜትርስ ማን አለ? ፒክ ፍሎው ሜትር ትንፋሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ የሚለካ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። መብራት አይፈልግም። ሦስት ጊዜ ያስነፋሉ፣ ትልቁን ቁጥር ይይዛሉ። የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን፣ በአፍ የሚሳበውን ሳልቡታሞል ፓፍ ሰጥተው 15 ደቂቃ ቆይተው ይደግሙታል። 20 በመቶ ከጨመረ ወደ አስም ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጤና ጣቢያ ደረጃ ከሚመክራቸው ዕቃዎች አንዱ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ሲስተር የነገረችን እናት ሳንባዋን ጭስ ጎድቶት ከሆነ በዚያ ቱቦ አይለይም። እሱን አልጻፍክም።

መረጃ ክፍል፦ ሁላችሁም ለምን ዕቃ ዕቃ ትላላችሁ? አስሙ የታወቀ ሰው ምን ያህል እንደተሻለው የሚጠየቅበት ባለ 5 ጥያቄ ወረቀት አለ። ከ25 ነው የሚታሰበው። 19 ወይም ከዚያ በታች ካመጣ በሽታው በቁጥጥር ሥር አልዋለም ማለት ነው። ቢበዛ የወረቀት ወጪ ነው።

ሲስተር ከደሴ፦ ጠይቀን እናውቃለን። «ባለፉት 4 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ትንፋሽ አጠረሽ?» ስትያት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ትልሻለች። ይህን ስትል ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስንት ነጥብ ልስጣት?

ጠቅላላ ሐኪም፦ እኮ! ትከሻዋን ያየሽው በዓይንሽ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ትናንት ያሉት ጆሮ ነበር ዶክተር። ዓይንም ሆነ ጆሮ፣ ባለፈው ወር ስንት እንደነበረች ካርዷ ላይ አይጽፍም። ቁጥር ይጽፋል።

ከሜሪላንድ፦ ቁጥር ስትሉ ቁጥሩም ከየት እንደመጣ ጠይቁ። እኔ የምሠራው ስፓይሮሜትር ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ ለዓመታት ለጥቁር ሰው «ጤነኛ» የሚባለውን ልክ ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርጉት ነበር። የታመመው ደህና መስሎ ይታያል። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር (American Thoracic Society) ዘርን ያልለየ ስሌት ተጠቀሙ ያለው በ2023 ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ወንድሜ፣ እኛ ፓፍ አጥተን አንተ ስለ ስሌት ታወራለህ። ውጭ ሆኖ መናገር ቀላል ነው።

ከሜሪላንድ፦ እናቴ ጎንደር ናት፤ በየክረምቱ ትታፈናለች። ውጭ አይደለሁም።

ጠቅላላ ሐኪም፦ እግዜር ይማራት። እኔ ግን በጀት ቢሰጠኝ መጀመሪያ የምገዛው ቤክሎሜታዞን፣ አስምን የሚቆጣጠረው የሚሳብ መድኃኒት፣ ነው። አስም ነው ብዬ ለይቼ ባዶ እጇን ልስደዳት?

ፋርማሲስቱ፦ መድኃኒት የሚጠየቀው በተመዘገበ በሽተኛ ልክ ነው ዶክተር። መዝገቡ ላይ ሁሉም «ሳል» ከሆነ ቤክሎሜታዞን በምን ቁጥር ልጠይቅ?

ጠቅላላ ሐኪም፦ መድኃኒቱ ይቅደም።

ሲስተር ከደሴ፦ መለኪያው ይቅደም። ሰኞ ያቺው እናት ቀጠሮ አላት። ምን ልበላት? እሱን መልሱልኝ።