9 ችግኝ፣ 10 መስመር፦ እንዴት ይተከላል?

የዘጌ ልጅ፦
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር 9 የማንጎ ችግኝ ሊተከል ነው። እያንዳንዳቸው 3 ዛፍ የያዙ 10 ቀጥታ መስመሮች እንዲወጡ ተፈልጓል። ሦስት በሦስት ካሬ የሚሰጠው 8 ብቻ ነው። ሁለቱ ከየት ይምጡ?

ገመድና ችካል፦
ካሬውን ተወው ወንድሜ። 32 በ16 ሜትር አራት ማዕዘን ቀይስ። በአራቱ ጥግ፣ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች አጋማሽና መሐል ለመሐል ችካል ምታ፤ 7 ሆነ። የቀሩትን ሁለቱን ከመሐሉ ችካል ግራና ቀኝ፣ ከረጅሙ ጎን ትይዩ፣ 8 ሜትር ላይ ትከል። የዳርና ዳሩ ሁለት ቋሚ መስመሮች ይጠፋሉ፣ በምትካቸው 4 ሰያፍ ይገኛል፦ 8 − 2 + 4 = 10። በጣም የተቀራረቡት ዛፎችም 8 ሜትር ይራራቃሉ።

ሰያፍ፦
ልክ ነው። ማዕዘኑ ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ አያሳስብም፤ ጎኖቹ ትይዩ እስከሆኑ ድረስ መስመሮቹ አይበላሹም። የሚያበላሸው አጋማሹን መሳት ነው። የመሐሉና የሁለቱ ረጃጅም ጎኖች አጋማሽ ችካሎች እያንዳንዳቸው 4 መስመር ላይ ናቸው፣ ሌሎቹ 3። እነዚያን ሦስቱን ደግመህ ለካ። ሲባጎውንም በሁሉም ችካል በአንድ ወገን አስነካው፤ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ ካለፈ የችካሉ ውፍረት መስመሩን ያጣምማል። ረጅሙ ሰያፍ ወደ 35.8 ሜትር ስለሆነ ነፋስ ካለ ሲባጎው ይጎብጣል፣ ጠዋት ይሻላል።

የዘጌ ልጅ፦
11 አይወጣም?

ሰያፍ፦
አይወጣም። 9 ነጥብ 36 ጥንድ አለው፣ አንድ መስመር 3 ጥንድ ይበላል፤ ጣሪያው 12 ይመስላል። ግን ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ሁለት ብቻ የያዘ መስመር የግድ ይኖራል (የሲልቬስተርና ጋላይ ቲዎረም)፣ ስለዚህ 12 ወደቀ። የ11 ማረጋገጫ ረዘም ይላል፤ ከፍተኛው ግን 10 ነው።