የታካሚ ቪዲዮ ለፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች፦ በስትሪሚንግ ወይስ በፍላሽ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ከስትሮክ በኋላ የሚታየውን አረማመድ በአጫጭር ቪዲዮ ልናስተምር አስበናል። ክፍሉ 40 ተማሪ አለው፤ ሁሉም በየስልኩ በስትሪሚንግ፣ ማለትም ሳያወርድ በቀጥታ ከኔትወርክ፣ ይከፍታል። ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ እግሩ ይደበዝዛል፣ ወደ ኋላ ሲመልሱትም የሚፈልጉትን ቦታ ዘሎ ያልፋል። በፍላሽ ብናድልስ?

መልስ 1
በፍላሽ አታድሉ። ታካሚው ነገ ፈቃዴን አንስቻለሁ ቢል ከ40 ሰው ማን ይሰበስባል? ሰርቨር ላይ ካለ ግን አንዴ ማጥፋት ነው።

የመቆራረጡ ነገር ሂሳብ ነው። 720ፒ ቪዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከወሰደ፣ 40 ስልክ አንድ ላይ ሲከፍት በሰከንድ 80 ሜጋቢት ይሆናል፤ ይህን የግቢው ኢንተርኔት ላይችለው ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። የአንድ ደቂቃ ክሊፕ 15 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ አሮጌ ዴስክቶፕም ይበቃል። ዋይፋዩ ከተጨናነቀ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ስልክ ይዩ፤ እንዲያውም ይሻላል፣ ባዩት ላይ ይከራከራሉ።

የሚዘለው ቁልፍ ፍሬሞቹ፣ ማለትም ሙሉ ምስል የሚይዙት ፍሬሞች፣ ስለተራራቁ ነው። ብዙ ማጫወቻዎች ሲመለሱ የሚያርፉት ቁልፍ ፍሬም ላይ ነው፤ በ10 ሰከንድ አንዴ ከሆነ ብዙ እርምጃ ያመልጣል። ቪዲዮውን ወደ ኤች 264 (የተለመደ የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) ስትቀይሩ በየ1 ሰከንዱ አንድ ቁልፍ ፍሬም እንዲገባ አድርጉ። ፋይሉ ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል።

መልስ 2
መደብዘዙን ግን በኔትወርክ ብቻ አታሳብቡ፤ ዋናውን ቀረጻ እዩት። ብርሃን ሲያንስ ስልክ በራሱ ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ያዘገያል፤ የሚንቀሳቀስ እግርም ይደበዝዛል። መስኮት ያለበት ክፍል ምረጡ፣ ሹተሩን 1/250 ሰከንድ ላይ አስሩት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ቅረጹ። በ30 ፍሬም በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ተረከዝ ነው ወይስ ጣት ቀድሞ መሬት የነካው የሚለው እዚያ መሃል ይጠፋል። ትራይፖዱ በዳሌ ቁመት፣ ከመንገዱ 4 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ካሜራውን ከታካሚው ጋር አታዙሩ፣ የጉልበቱ ማዕዘን ይሳሳታል። ከጎን ብቻ ከቀረጻችሁ ደግሞ እግሩን በውጭ አዙሮ የሚጥለውን ታካሚ አታዩትም፤ ከፊትም ይቀረጽ። ደጋፊው በተጎዳው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይከተል። ለቪዲዮ ተብሎ ታካሚ ብቻውን አይራመድ።

መልስ 3
የፈቃድ ቅጹ ከሕክምናው ፈቃድ የተለየ ይሁን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። ስትሮኩ ንግግሩን ከነካው በአጭር ዓረፍተ ነገርና በሥዕል አስረዱት፤ ከመፈረሙ በፊትም ክሊፑን ራሱ ይየው። ፊት መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ድምፅ፣ የአንገት ንቅሳት፣ በፋይሉ ስም ላይ የቀረ የካርድ ቁጥር ሰውን ያሳውቃሉ። ከስልክ ስክሪን ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ እንዳይወጣ ፈጽሞ መከላከል አይቻልም፤ የተማሪው መታወቂያ ቁጥር ምስሉ ላይ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ ግን ያስጠነቅቃል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ፣ ፍላሹን ትተነዋል። የክሊፑ ርዝመትስ?

መልስ 2
ከ20 እስከ 40 ሰከንድ። መጀመሪያ ምርመራው ሳይነገር፣ ያለ ድምፅ፣ በአንድ ጥያቄ ብቻ አሳዩ፦ ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፈው በየትኛው ቅጽበት ነው?